መጣፊያው ከውስጥ፦ ስለ ሄርኒያና ስለ መረብ ጥገና

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)

ሊቀመንበራችን «ስለ አንድ የጤና ጉዳይ ተናገሪልን» ስትለኝ ርዕስ ለመምረጥ ብዙ አላሰብኩም። በቀዶ ጥገና ክፍል በነርስነት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ይህንን ስለምታውቁ፣ ቡና ጠጥተን ስንነሣ ወደ ጓሮ ገለል አድርጋችሁ፣ ነጠላችሁን ገልጣችሁ ሆዳችሁን ያሳያችሁኝ ከአንድ በላይ ናችሁ። ስም አልጠራም፣ አትፍሩ። ሁላችሁም የጠየቃችሁኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ «እውነት ሆዳችን ውስጥ ፕላስቲክ ያስገባሉ?»

አዎ፣ ያስገባሉ። ለምን እንደሚያስገቡት፣ የት እንደሚያስቀምጡት፣ ማን ብትቆይ እንደሚሻል ልንገራችሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ክፉ ቀን ሣጥናችን አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ።

ወንድ ላይ ሲወጣ ቡአ እንለዋለን፤ አገር ያውቀዋል። ሴት ላይ ሲሆን ግን ስም እንኳ አላወጣንለትም። «እምብርቴ ወጣ»፣ «የኦፕራሲዮን ስፌቴ አበጠ»፣ «ብሽሽቴ ላይ እብጠት አለ» እንላለን። ሐኪሞች ሁሉንም ሄርኒያ ይሉታል። ከቆዳችንና ከስባችን ሥር ሆድ ዕቃችንን ሰብስቦ የሚይዝ የጡንቻና የጠንካራ ነጭ ሽፋን ግድግዳ አለ። ያ ግድግዳ በተፈጥሮ ሳሳ ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በእምብርት በኩል፣ ወይም አንድ ጊዜ ተከፍቶ በተሰፋበት መስመር ላይ ሲላላ ቀዳዳ ይከፈታል። በቀዳዳው በኩል የሆድ ውስጥ ስብ ወይም አንጀት ወደ ውጭ ይገፋል። ስንቆምና ስንስል ያብጣል፣ ስንተኛ ይገባል። ስለሚገባም ነው ዓመታት የምናስታምመው።

እኛ ሴቶች ላይ የሚበዛበት ምክንያት አለው። እርግዝና ሆድን ይለጥጣል፤ ደጋግሞ ሲሆን የእምብርት ዙሪያ ይሳሳል። በኦፕራሲዮን የወለደች ደግሞ ሆዷ የተከፈተው ከእምብርት ወደ ታች ቁልቁል ከሆነ፣ ከማኅፀን በላይ አግድም ከተከፈተችው ይልቅ ስፌቱ የመላላት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በአጠቃላይ ሆዳቸው መሐል ለመሐል ቁልቁል ከተከፈተ ሰዎች ከመቶው ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት በኋላ ሄርኒያ ይወጣባቸዋል። ሌላም አለ፤ ከብሽሽት ዝቅ ብሎ፣ በጭን ሥር የሚወጣው ዓይነት ከወንድ ይልቅ በሴት ላይ ይበዛል። ትንሽ ስለሆነች ትናቃለች እንጂ አንጀት ቶሎ የሚታነቀው በእሷ ነው።

«ሸክም ነው ያመጣብኝ» ትላላችሁ። ጄሪካን ስንሸከም፣ ማገዶ ከተራራ ስናወርድ የኖርን ስለሆንን እንዲያ ማለታችን አይገርምም። ሸክም ጤነኛውን ግድግዳ ብቻውን ይቀድዳል ማለት ይከብዳል፤ የላላውን ግን ይገፋዋል። ሳልም እንዲሁ፣ የሆድ ድርቀትም እንዲሁ። ጭስ በሞላበት ማድ ቤት ዓመቱን ሙሉ የምትስል ሴት ሸክም ባትሸከምም ሆዷ እየተገፋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ከወለዳችሁ በኋላ ከትራስ ቀና ስትሉ የሆዳችሁ መሐል እንደ ሸንተረር ከፍ የሚል ካለ፣ ሁለቱ የሆድ ጡንቻዎች ተራርቀው ሊሆን ይችላል። እሱ ቀዳዳ የለውም፣ አንጀትም አያንቅም። ብዙ ጊዜ በስፖርት ነው የሚጀመረው። «ሆዴ አልገባ አለ» ብላ በፍርሃት ወደ ኦፕራሲዮን የምትሮጥ እንዳትኖር ነው።

መቀነትን በተመለከተ፣ አራስ ሆዷን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ ብታስር ወገቧ ይደገፋል፣ ደስም ይላታል፤ እኔም አስሬያለሁ። ነገር ግን መቀነት ቀዳዳ አይደፍንም። እብጠቱ ወጥቶ ሳለ በላዩ ላይ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ጭራሽ ጉዳት ነው። ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሳሸትና መተኮስም እንዲሁ።

እንግዲህ ቀዳዳው የሚደፈነው በቀዶ ጥገና ብቻ ነው። እንዴት የሚለውን ለመረዳት እህል የምትነግዱ ሴቶች ከእኔ ይልቅ ትቀርባላችሁ። የተቀደደ ጆንያ አለ እንበል። የተቀደደውን ጫፍና ጫፍ ስባችሁ በወፍራም ክር ብትሰፉት ለጊዜው ይያዛል። እህል ሲሞላ ግን ክሩ ጨርቁን ይበላዋል፤ ከስፌቱ ጎን ደግሞ ይተረተራል። የሳሳ ነገር በግድ ተስቦ ሲሰፋ ነገሩ ይኸው ነው። ድሮ ሄርኒያ የሚጠገነው እንዲህ ነበር። ጣሊያናዊው ኤዶአርዶ ባሲኒ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የብሽሽት ሄርኒያን በደርዝ በደርዙ መስፋትን አስተማረ፤ ለመቶ ዓመት ገደማም ዓለም በዚያ ተጠቀመ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ሂዩስተን ፍራንሲስ አሸር የተባለ ሐኪም የፕላስቲክ መረብ መጠቀም ጀመረ። በ1980ዎቹ ደግሞ በሎስ አንጀለስ ኧርቪንግ ሊክተንስታይን የብሽሽቱን ቀዳዳ ጫፍና ጫፉን ሳይስብ፣ ሳይወጥር፣ በመረብ መጣፍን አስፋፋ። ነገሩ ሁሉ ያለው «ሳይወጥር» በሚለው ቃል ላይ ነው።

መረቡን አንድ ቀን አምጥቼ ባስነካችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከማሸጊያው ከወጣ ግን ንጽሕናው ስለሚጠፋ አይሆንም። ነጭ፣ ስስ፣ እንደ ዳንቴል በክር የተሠራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራል። ማዳበሪያ የምንለው ነጭ ከረጢት የተሸመነበት ፕላስቲክ ዘሩ ይኸው ነው። (ማዳበሪያ ቀድዳችሁ ወደ ሐኪም እንዳትሄዱ ብቻ! የሕክምናው ለሰውነት ተብሎ ተለይቶ፣ ከጀርም ጸድቶ የተዘጋጀ ነው።) የዳንቴሉ ቀዳዳዎች ለጌጥ አይደሉም። የገዛ ሰውነታችን በእነሱ ውስጥ አልፎ አዲስ ሥጋ ያበቅላል፤ ከወራት በኋላ መረቡና ሆዳችን አንድ ግድግዳ ይሆናሉ። ቀዳዳዎቹ በጣም ጠባብ የሆኑ እንደሆነ ተሕዋስያን ገብተው ይደበቃሉ፤ በሽታ ተከላካዩ የሰውነት ሴል ግን ከእነሱ ስለሚተልቅ ተከትሎ መግባት አይችልም። ስለዚህ ዛሬ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው መረብ ይመረጣል።

ወደ ጆንያው ልመለስ። መጣፊያውን ከውጭ ብትለጥፉት እህሉ ሲሞላ ይገፋዋል፤ የያዘው ክር ብቻ ነው። ከውስጥ ብታደርጉት ግን ያው የሚገፋው እህል ራሱ መጣፊያውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። የፈረንሳይ ሐኪሞች፣ ዣን ሪቭና ሬኔ ስቶፓ፣ ለሆድ ሄርኒያ ያስተማሩት ይህንኑ ነው። መረቡ ከሆድ ጡንቻው ኋላ፣ ከአንጀት ደግሞ በስስ ሽፋን ተለይቶ ይቀመጣል። ስንስል የሆዳችን ግፊት መረቡን አይነቅለውም፣ ያጸናዋል። ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ለሰፊው የስፌት ሄርኒያ የሚመርጡት ቦታ ይህ ነው። ከጡንቻው ፊት፣ ከስቡ ሥር ማስቀመጥም አለ፤ ሥራው ይቀላል፣ ነገር ግን ቆዳው ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚነሣ ውኃ መቋጠርና ቁስል ማመርቀዝ ይበዛበታል። ሦስተኛው በላፓራስኮፒ፣ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ፣ መረቡን ከሆድ ውስጥ በኩል መለጠፍ ነው። ቁስሉ ትንሽ ነው። ሆኖም ተራው መረብ አንጀትን ከነካ ሊጣበቅበት ስለሚችል አንጀት በሚነካው ፊቱ የተሸፈነ ልዩ መረብ ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ይጨምራል።

የትም ይቀመጥ የት፣ መጣፊያው ከቀዳዳው መስፋት አለበት። የቀዳዳውን ልክ ቆርጦ የሚጥፍ ልብስ ሰፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለእምብርት ቀዳዳ በየአቅጣጫው 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ለስፌት ሄርኒያ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለፍ አለበት ይባላል። መረቡ በጊዜ ብዛት ስለሚሸበሸብ ነው።

ይህ ሁሉ በቃል ብቻ አይደለም፤ ተለክቷል። በኔዘርላንድስ የስፌት ሄርኒያ ያለባቸውን ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን በክር ብቻ፣ ግማሾቹን በመረብ ጠገኗቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመው ውጤት መሠረት በሦስት ዓመት ውስጥ በክር ከተሰፉት ከመቶው 43፣ በመረብ ከተጠገኑት 24 ላይ ሄርኒያው ተመለሰ። አሥር ዓመት ጠብቀው ሲያዩ 63 እና 32 ሆነ። ስለ ትንሽ የእምብርት ሄርኒያም እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አለ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የተመለሰባቸው በክር ከመቶው 12፣ በመረብ 4 ናቸው። ልብ በሉ፦ መረብም ይከዳል። ግማሽ ያህል ግን ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ።

ክፉ ጎኑን ደብቄ ብሄድ ደግሞ አንዷ ስታመረቅዝ «አንቺ ነሽ ያልሽኝ» ትለኛለች። መረብ ባዕድ ነገር ነው። ካመረቀዘ በመድኃኒት ብቻ ላይድን ይችላል፤ አንዳንዴ ተመልሶ ይወጣል። አንዳንዷ ላይ የማይለቅ ሕመም ይተዋል። በዴንማርክ አገር ከ3,000 በላይ ሕሙማንን ተከታትለው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በመረቡ ሰበብ ሌላ ችግር የገጠማቸው ሆዳቸው ተከፍቶ ከተጠገኑት ከመቶው ከ5 እስከ 6፣ በላፓራስኮፒ ከተጠገኑት ወደ 4 የሚጠጉ ሆነው አግኝተዋል። ስኳሯ ያልተስተካከለ፣ ሲጋራ የምታጨስ፣ ክብደቷ ከልክ ያለፈ ሴት ላይ ይህ አደጋ ይጨምራል። ስለዚህ ሐኪሙ «ስኳርሽን አስተካክለሽ ነይ» ብሎ ቢመልስሽ ገሸሽ ማድረጉ አይደለም፤ ውለታ እየዋለልሽ ነው።

ከውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ «መረብ ታግዷል» ብለው የደወሉላችሁ አላችሁ። የታገደውን ለዩ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ከገበያ እንዲወጣ ያዘዘው፣ የማኅፀንና የፊኛ መውጣትን ለመጠገን በብልት በኩል የሚገባውን መረብ ነው። ብዙ ሴቶች ተጎድተውበታል፤ ጩኸታቸውም እውነት ነው። ለሆድ ሄርኒያ የሚገባው ቦታውም ሥራውም ሌላ ነው፤ ዛሬም በመላው ዓለም ይሠራበታል። ሴቶች ስለ አንዱ የጮኹት ግን ለሌላውም ጠቅሞናል፤ አሁን ሐኪሙን «ምን ዓይነት ነው የምታስገባልኝ?» ብለን መጠየቅ ነውር አይደለም። ጠይቁ። በማሸጊያው ላይ የመረቡ ስምና ቁጥር ያለበት ተለጣፊ ወረቀት አለ፤ አንዱ ካርዳችሁ ላይ ይለጠፍ፣ አንዱን እናንተ ያዙ። ወደፊት በሌላ ምክንያት ሆዳችሁ ቢከፈት ሐኪሙ መረብ እንዳለ ማወቅ አለበት።

ማን ትቆይ? ገና መውለድ የምትፈልግ፣ ትንሽ የእምብርት ሄርኒያ ያላት፣ የማያማት ሴት ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ልጇን እስክትወልድ ብትቆይ ይመከራል። መረብ ይዞ ማርገዝ ይቻላል፤ በሰላምም ይወለዳል። ነገር ግን ሆዱ ሲለጠጥ በመጨረሻዎቹ ወራት ሊያም ይችላል፤ እርግዝናው ራሱ ደግሞ የተጠገነውን ሊያላላው ይችላል። በብሽሽት ወይም በጭን ሥር ያለባት ግን «ትንሽ ናት» ብላ አትቆይ።

የሚከተለውን ለልጆቻችሁም ንገሩ። እብጠቱ ከጠነከረ፣ ሲተኙ አልገባ ካለ፣ ካመመ፣ ቆዳው ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ማስመለስ ከመጣ፣ ፈስና ሰገራ ከቆመ አንጀት ታንቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ጠዋት እስኪነጋ፣ ባል ከሥራ እስኪመጣ አይጠበቅም። በእጅ በግድ አይገፋም። ወደ ሆስፒታል ነው፤ ምግብና ውኃም አይቀመስ።

አሁን ወደ ሣጥናችን። የመተዳደሪያ ደንባችን ለሕክምና ከሣጥኑ ገንዘብ የሚወጣው አባሏ «በድንገተኛ ሕመም ሆስፒታል ስትገባ» ነው ይላል። ደንቡን ስናወጣ ሁላችንም አጨብጭበናል፤ ሣጥኑ እንዳይራቆት ነበር። ሄርኒያ ላይ ግን ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ሴትየዋ እየሄደች፣ እንጀራ እየጋገረች፣ በቀጠሮ ብትጠገን ሣጥኑ ምንም አይሰጣትም። ስለዚህ ትጠብቃለች። ታንቆ በሌሊት ስትወሰድ ሣጥኑ ይከፈታል። ያን ጊዜ አንጀቷ ሞቶ ከሆነ ተቆርጦ ይቀጠላል፤ የአንጀት ቆሻሻ በነካው ሆድ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሐኪሞች መረብ ማስገባት አይደፍሩም። በክር ብቻ ተሰፍታ ትወጣለች። ከመቶው 43 እና 63 ያልኳችሁን አስታውሱ። ሣጥናችን እየከፈለ ያለው ለባሰው ኦፕራሲዮን፣ ለረጅሙ አልጋ፣ ተመልሶ ለሚመጣው ሄርኒያ ነው። ርካሹንና ደኅናውን አልከፍልም ይላል።

ስለዚህ የምጠይቀው «በድንገተኛ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ «ወይም ሐኪም በጽሑፍ ባዘዘው የቀጠሮ ቀዶ ጥገና» የሚል እንዲጨመር ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰጥበት። ሁለተኛው ከገንዘብም ይከብዳል። ያሳያችሁኝን ሴቶች ለምን እንዳልሄዱ ስጠይቅ፣ ከመረቡ ይልቅ ያስፈራቸው ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ውኃውን ማን ይቅዳ? ልጅ ማን ያንሣ? ለአራስ ተራ ገብተን ገንፎ እንደምንወስድ ሁሉ ለተቀደደችም ተራ እንግባ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል። መረብ ገዝታችሁ መላክ ያሰባችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከመላካችሁ በፊት ግን ቀዶ ሐኪሞቹን መጠኑንና ዓይነቱን ጠይቁ፤ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ለእኛ ቆሻሻ ነው። የመረብ ዋጋ የግድ የሰማይ ያህል መሆን እንደሌለበት በኡጋንዳ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ የብሽሽት ሄርኒያ ያለባቸውን 302 ወንዶች ግማሾቹን በውዱ መረብ፣ ግማሾቹን የወባ አጎበር ከሚሠራበት ዓይነት ጨርቅ ቆርጠው ከጀርም ባጸዱት መረብ ጠገኗቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ተመለሰ የተባለው ከርካሹ ወገን አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው። እርግጥ የተጠኑት ወንዶች ናቸው፣ ያውም የብሽሽት፤ ለእኛ ሰፊ የሆድ ሄርኒያ እንዳለ አይወሰድም። መኝታችን ላይ የተሰቀለው በመድኃኒት የተነከረው አጎበርም ለዚህ አይሆንም፤ ለወባው ይቆይ።

(ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሦስቱ)

አንዲት እናት የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው እምብርት እንደወጣ ተናግረው፣ ሳንቲም ቢያስሩበት ይገባ እንደሆነ ጠየቁ። — አይሰሩበት፣ እናቴ። ቆዳውን ያቆስለዋል እንጂ አይደፍነውም። የሕፃን እምብርት አብዛኛውን ጊዜ አራት አምስት ዓመት እስኪሞላው ራሱ ይዘጋል። ካልተዘጋ በክር ብቻ ይሰፋል፤ ለሚያድግ ልጅ መረብ አይገባም። ከጠነከረና ልጁ ካለቀሰ ግን ያን ቀን ይውሰዱት።

አንዲት እህት ደግሞ መረቡ ከአሳማ ይሠራል መባሉን ሰምታ እውነት እንደሆነ ጠየቀች። — ከአሳማና ከከብት ቆዳ የሚዘጋጅ ዓይነት አለ፤ በጣም ውድ ነው፣ የሚውለውም ለተለየ ጉዳይ ነው። የተለመደው ፕላስቲክ ነው፤ ከእንስሳ የመጣ ነገር የለበትም። ይህ ክርስቲያኗንም ሙስሊሟንም ይመለከታልና፣ ከመፈረማችሁ በፊት «ከምን የተሠራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻው ጥያቄ «እንጀራ መቼ እጋግራለሁ?» የሚል ነበር። — ለመራመድ በነጋታው ትነሻለሽ፤ እግርሽ ላይ ደም እንዳይረጋ መንቀሳቀስ አለብሽ። ስትስዪ ትራስ ሆድሽ ላይ አድርገሽ ደግፊ። ድርቀት እንዳይዝሽ ተልባውንም ጎመኑንም አትርሺ። ከባድ ነገር ለማንሣት ብዙ ሐኪሞች ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቂ ይላሉ፤ ሰፊ ጥገና ከሆነ ከዚያም ይረዝማል፣ የራስሽን ሐኪም ስሚ። ምጣድ ላይ መጋገሩ ቀድሞ ይቻላል። ሊጡን ባልዲ ሙሉ አንሥቶ ማምጣቱ ነው የሚቆየው፤ እሱን ባለተራዋ ታምጣልሽ።